ቅቤ የጠጣ ጥናት ይዤ ካርቱም

ከካርቱም ከተመለስኩ ወዲህ የደብረ ታቦር ሰው መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «እውነት ነጩና ጥቁሩ አባይ ሲገናኙ ቀለማቸው ይለያል?» ይለኛል። ይለያል። በሚኒባስ መስኮት፣ በአንዲት ደልዳላ ሴትዮ ትከሻ ላይ አሻግሬ አይቼዋለሁ። ስለ እሱ የማውቀው ይኸው ነው። ስለ ቅቤ፣ ስለ ሙቀትና ስለ አንድ በር ግን ብዙ የማወራው አለኝ፤ ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። እኔ ያየኋት ካርቱም ጦርነቱ ሳይደርስባት የነበረችው ናት። ያስተናገዱኝ እናትና ልጅ ዛሬ ሌላ ከተማ ተጠግተው ይኖራሉ። ደህና ናቸው፤ ስንደዋወል እንሳሳቃለን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሆዴ ይባባል። እዚህ ጽሑፍ ላይ ስስቅ ብታገኙኝ የምስቀው በራሴ እንጂ በከተማዋ እንዳልሆነ እወቁልኝ።

ዘውድነሽ እባላለሁ፤ በአንድ ማረሚያ ቤት የሴቶች ዞን ውስጥ የምሠራ ኢንስፔክተር ነኝ። ካርቱም የወሰደኝ ትምህርት ነው። ዓመት ሙሉ በርቀት የተማርኩት የፖሊስና የማረሚያ ቤት አስተዳደር የድኅረ ምረቃ ሰርተፍኬት ነበር፤ ማጠቃለያው ካርቱም ባለው ኮሌጅ በአካል ቀርቦ የጥናት ጽሑፍን ለሦስት ፈታኞች ማስረዳት ነው። የኔ ጥናት ከእናቶቻቸው ጋር በግቢያችን ስለሚያድጉ ሕፃናት ነው። በልጆቹ ላይ ማንም አልፈረደባቸውም፤ ግን ከአጥሩ ወዲያ ምን እንዳለ አያውቁም። ማሕሌት የምትባል የአራት ዓመት ልጅ አለች፣ የታራሚዋ የጥሩዬ ልጅ። ትልቅ ሰው ሲጠጋት ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ትዘረጋለች። እቀፉኝ ማለቷ መስሎኝ ብዙ ጊዜ አቅፌያታለሁ። ለካ ልንፈትሻት መስሏት ነው።

ጥናቴ የሚለው አጭር ነው፤ ልጆቹ ጠዋት ከግቢ ወጥተው ከተማው መዋዕለ ሕፃናት ይዋሉ፣ ማታ ወደ እናቶቻቸው ይመለሱ። ሐሳቡን ለአለቃዬ ለኮማንደሩ ባቀርብላቸው መነጽራቸውን አወለቁና «የተማረ ሰው አይቶ ያጸደቀው ጥናት አምጪልኝ፤ ያን ዕለት እፈርማለሁ» አሉኝ። እንዲህ ያሉት ታመጣለች ብለው ስላላሰቡ ነው። ካለፍኩ ልጆቹ መስከረም ላይ ይወጣሉ፤ ከወደቅኩ ሌላ ዓመት ያንኑ ግቢ ሲዞሩ ይከርማሉ። ይህን በሆዴ ይዤ ተነሳሁ።

ማክሰኞ፦ ቁልቁል ወደ መተማ

ሻንጣዬ ውስጥ የደንብ ልብሴ፣ በሦስት ቅጂ የታተመው ጥናቴ፣ አንድ ከረጢት በርበሬና አንድ የፕላስቲክ ዕቃ ሙሉ የተነጠረ ቅቤ ነበር። ቅቤው የእትዬ ብርነሽ ነው። እትዬ ብርነሽ የሥራ ባልደረባዬ የአስቴር አክስት ናቸው፤ ድሮ በስደት ሱዳን ገብተው፣ ሱዳናዊ አግብተው እዚያው ቀሩ። ባላቸው ሞተዋል፤ ከልጃቸው ጋር ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ይኖራሉ። አስቴር ቅቤውን ስትሰጠኝ «ይህን ሳትይዢ ደጃቸውን እንዳትረግጪ» ብላኛለች። በእኛ አገር ብርድ ቅቤ ማለት በማንኪያ ሲመቱት የሚጮህ ነገር ነው። ስለዚህ ምንም ሳላስብ ከጥናቴ ጎን አስተኛሁት።

ሹራብ ለብሼ ከደብረ ታቦር ተሳፈርኩ። ጎንደር ላይ መኪና ቀየርኩ። ጭልጋን ስናልፍ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ሸኸዲ ስንደርስ ጫማዬን ፈታሁ፣ መተማ ስገባ ደግሞ ሌላ የማወልቀው ባለመኖሩ አዘንኩ። ያረፍኩበት ሆቴል ባለቤት ቁልፍ እንድትሰጠኝ ብጠይቃት ሳቀችብኝ። «የምን ክፍል? ውስጥ ከተኛሽ እኮ ትበስያለሽ» ብላ ግቢው መሃል የተደረደሩ አልጋዎችን አሳየችኝ። በግራዬ የሰሊጥ ነጋዴ፣ በቀኜ የጭነት መኪና ሾፌር እያንኮራፉ ተኝተዋል፤ መሃላችን አንሶላ ተሰቅሏል። እኔ በሥራዬ የተኛ ሰው የምጠብቅ እንጂ ሰው መሃል የምተኛ አይደለሁም። እንዲያም ሆኖ ከቤቴ የበለጠ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ረቡዕ፦ ፉልና ፍተሻ

መተማንና የሱዳኗን ገላባትን የምትለያቸው አንዲት አጭር ድልድይ ናት። ከድልድዩ ማዶ ያለው የሱዳን ፈታሽ ሻንጣዬን ከፍቶ መጀመሪያ ያገኘው በርበሬውን ነው። አፍንጫውን አስጠጋ፤ ጥፋቱ የራሱ ነው። አስነጥሶ አስነጥሶ ሲያበቃ፣ ተናዶ ወደ ታች ቢበረብር የደንብ ልብሴ ወጣ። ይኼኔ አለቀልኝ ብዬ ነበር። እሱ ግን ባርኔጣዬን ብድግ አድርጎ ጓደኞቹን ጠራ። አንዱ ባርኔጣውን ደፋው፣ ሌላው ወንበር አመጣልኝ፣ ሦስተኛው ሻይ አዘዘ። አማርኛ የሚችል አንድ ነጋዴ መሃላችን ገብቶ አስተረጎመልን። ወደ ፈተና እንደምሄድ ነገርኳቸው፣ ስለ ፈረቃ አወራን፣ አለቆቻችንን አማን፣ ስለ በዓል ቀን ተረኝነት አለቃቀስን። የፖሊስ ብሶት ድንበር እንደሌለው ያን ዕለት አወቅኩ። ሲሸኙኝ ለአውቶቡሱ ሾፌር «ባልደረባችን ናት» ብለው ከፊት ወንበር አስቀመጡኝ።

አውቶቡሱ እኛ እንደምናውቀው ዓይነት አይደለም፤ ቅዝቃዜ የሚነፋ መሣሪያ አለው። እሱም ሥራውን አጥብቆ የሚወድ ነበር። ውጪው እሳት እየነደደ እኔ ሹራቤን መልሼ ለብሼ ተንቀጠቀጥኩ። ሻንጣዬ ከታች፣ ከሞተሩ አጠገብ፣ በጭነት ማስቀመጫው ውስጥ እንዳለ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም።

ገዳሪፍ ላይ ለምሳ ቆምን። ሁሉም በየትሪው ዙሪያ ተሰበሰበ፤ እኔ ቆሎዬን አውጥቼ ጥግ ያዝኩ። አንድ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌ «ኢትፈደሊ!» አሉኝ፤ ብዪ ማለታቸው ነው። እንደ ወጋችን፣ አመሰግናለሁ ጠግቤያለሁ አልኩ። በእኛ ቤት እንግዳ ደጋግሞ እምቢ ይላል፣ ባለቤቱ ደጋግሞ ይለምናል፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም እንደሚያውቀው ይበላል። ሰውዬው ይህን ሁሉ ጊዜ አልነበራቸውም። ተነስተው በሹራቤ እጅጌ ጎትተው ትሪው ፊት አስቀመጡኝ፣ ዳቦ ቆርሰው እጄ ላይ አደረጉ። ፉሉ በሰሊጥ ዘይት የጠገበ ነበር። ማንነቴን ሳይጠይቁኝ፣ ስማቸውንም ሳይነግሩኝ ሄዱ።

ካርቱም የደረስነው ሊመሻሽ ሲል ነው። ሾፌሩ ሻንጣዬን ሲያወጣ ከሥሩ አብረቀረቀብኝ። የእትዬ ብርነሽ ልጅ ሳልዋ መናኸሪያ ድረስ መጥታ ትጠብቀኝ ነበር። ረጅም፣ ጠይም፣ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ናት። አቅፋኝ ስታበቃ አፍንጫዋን አነሳች። «ካልቶ ዘውዴ፣ ወላሂ የእናቴን ወጥ ቤት ነው የምትሸቺው!» አለችኝ። ካልቶ አክስቴ ማለት ነው።

ቤት ገብተን ሻንጣውን ስንከፍት የፕላስቲኩ ዕቃ ክዳን ተከፍቷል፣ ቅቤው ፈስሷል፣ ሦስቱም ቅጂ ጠጥቶታል። የመጀመሪያውን ገጽ ስታነሱት የሁለተኛው ገጽ ፊደል ከሥሩ ይነበባል። እንባዬ መጣ። እትዬ ብርነሽ ግን አንዱን ቅጂ ብድግ አድርገው አሸተቱት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ኮሰረት አለው» አሉ።

«እትዬ፣ ጥናቴ እኮ ነው!»

«አዎ፣ አዎ። በጣም ጥሩ ጥናት ነው» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ይችን መሃል ላይ ያለችውን ገጽ ስጪኝና ሽሮው ላይ ጨምቄ ልመልስልሽ።»

ሐሙስ፦ ካህራባ ማፊ

ጠዋት የተቀሰቀስኩት በሳልዋ ጩኸት ነው። ሥራ ልትሄድ ብትል የውጪው በር ተቆልፏል፣ ቁልፉም የለም። ቁልፉ ትራሴ ሥር ነበር። ጎሕ ሲቀድ ተነስቼ መስኮቱን ሁሉ ዘግቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ ቁልፉን ይዤ ተመልሼ ተኝቻለሁ፤ ይህን ሁሉ ሳደርግ አላስታውስም። እጄ የለመደውን ሠራ። «ካልቶ፣ ይሄ ሲጅን አይደለም፣ ቤት ነው» አለችኝ ሳልዋ፤ ሲጅን እስር ቤት ማለት ነው። እናቷ «አንቱ በይ እንጂ፣ ታላቅሽ ናት!» ብለው ተቆጧት። እሷም «ጠዪብ፣ እሺ፣ አንቱ ካልቶ፣ ቁልፉን ስጪኝ» ብላ አስታረቀችው።

ያን ዕለት ጥናቴን ለኮሌጁ ማስረከቢያ ነበር። ደግነቱ ጽሑፉ በፍላሽ ነበረኝ፤ እትዬ ብርነሽ ፍላሹን በቀሚሳቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት። ሰፈር ውስጥ ካለ ማተሚያ ቤት ሄድን። ሁለት ቅጂ እንደወጣ ማሽኑ አቃሰተና ዝም አለ። ባለቤቱ እጁን ዘርግቶ «ካህራባ ማፊ» አለን፤ መብራት የለም። መቼ ይመጣል ብንለው ጣሪያውን እያየ «ኢንሻአላህ» አለ። እኛም አገር መብራት ይጠፋል፤ ግን የኛ ሰው ሲጠፋ ይራገማል። ሰውዬው ወንበሩን ወደ ጥላ አውጥቶ ሎሚ በውሃ ጋበዘን።

ጠበቅን፣ ሎሚውን ጠጣን፣ መብራቱ አልመጣም። መጨረሻ ላይ ከቅቤያሞቹ መሃል የተሻለችውን መርጠን ሦስተኛ አደረግናት። የኮሌጁ ጸሐፊ በሁለት ጣቷ ተቀብላ ሌሎቹን እንዳትነካ ለብቻዋ አስቀመጠቻት። ለየትኛው ፈታኝ እንደምትደርስ እያሰብኩ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ዓርብ፦ ዶክተር ሳልዋ

ዓርብ ከተማው ዝግ ነው። ሙቀቱ ግን አላረፈም። እኛ አገር ፀሐይ ሲወጣ ደስ ብሎን ደጅ እንወጣለን፤ እዚያ ፀሐይ ሲወጣ ሰው ይደበቃል። መጋረጃ ዘግተን፣ ወለሉን ውሃ ረጭተን፣ ከርከዴ የሚሉትን ቀይ የአበባ መጠጥ በበረዶ እየጠጣን ዋልን።

ሳልዋ ስለ ፈታኙ ሰው አጠያይቃ ነበር። ዋናው ፈታኝ ዶክተር ሐሰን ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ ኮሎኔል ናቸው። «ካልቶ፣ ክሊኒክ የሚመጣ አንድ ፖሊስ ነገረኝ። ይሄ ሰውዬ ራሱን ቢፈትን ራሱን ይጥላል» አለችኝ። ከዚያ የእናቷን መነጽር አድርጋ፣ ፎጣ እንደ ከረባት አስራ፣ ዶክተሩን ሆና ትጠይቀኝ ጀመር። «ኢንስፔክተር! ልጁ ቢጠፋ ማን ይታሰራል?» ትላለች። እኔ ስደናገር እትዬ ብርነሽ ከወጥ ቤት «ኮማንደሩ ይታሰሩ!» ብለው ይመልሱልኛል።

ስቀን ስቀን ሲበቃን ሳልዋ መነጽሩን አወለቀች። «እኔ ትንሽ ሆኜ እዚህ ትምህርት ቤት ሐበሻ ይሉኝ ነበር፣ ጎንደር ስሄድ ደግሞ ዐረብ አሉኝ። ተናድጄ ነበር። ግን ሁለቱንም ቦታ አየሁ። ያንቺ ልጆች አንድም ቦታ አላዩም» አለችኝ። ለፈተናው ያዘጋጀሁትን ወረቀት ሁሉ የሚያስንቅ ንግግር ነበርና አቅፌ ሳምኳት።

ቅዳሜ፦ ኦምዱርማን

ከትምህርቱ አንዱ ክፍል የሴቶች ማረሚያ ቤት መጎብኘት ነው። ወንዙን ተሻግረን ኦምዱርማን ሄድን። ከላይ የነገርኳችሁን ደልዳላ ሴትዮም አባይንም ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሚኒባሱ ድልድዩ ላይ ሲቆም ሁሉም ቶሎ ንዳ ለማለት «ያላ! ያላ!» ይላል፤ ሾፌሩ ግን ከጎኑ ካለው ሾፌር ጋር ስለ ጎማ እያወጋ ነው።

የተቀበለችኝ ከሦስቱ ፈታኞቼ አንዷ የሆነችው መኮንን ኢማን ናት። የኔ እኩያ፣ ሳቋ ከሰውነቷ የሚበልጥ ሴት። በር ላይ አንዲት ጠባቂ ፈተሸችኝ። እኔ ስንቱን ሰው የፈተሽኩ፣ ራሴ ተፈትሼ አላውቅም ነበር። ለካ ይኮረኩራል። እጄን እንደሰቀልኩ ተንከተከትኩ፤ ጠባቂዋም ሳቋ መጣ፣ ኢማንም ተቀላቀለች። ከውስጥ እዚያም ልጆች አሉ፤ ግቢው ጥላ ያለው፣ የታጠበ ነው። አንዷ ትንሽ ልጅ መጥታ ቦርሳዬን በጣቷ መታ መታ አደረገች። ከረሜላ ፍለጋ ነው፤ ቋንቋው ከኛው ግቢ ቋንቋ ጋር አንድ ነው።

ስንሰነባበት ኢማን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በእንግሊዝኛ «ቅቤያሟ ቅጂ ለዶክተሩ ደረሰች» አለችኝ። ማታ እራት አልበላ አለኝ።

እሑድ፦ ሁለተኛው ፎቅ

ሱዳን እሑድ የሥራ ቀን ነው። ሳልዋ የደንብ ልብሴን ተኩሳ፣ እትዬ ብርነሽ በመስቀል ምልክት አማትበውልኝ ሸኙኝ።

የፈተናው ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ፈተናውም እንደ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። መሃል ዶክተር ሐሰን፣ ቀጭን፣ በዚያ ሙቀት ኮትና ከረባት ያደረጉ፤ በቀኛቸው ኢማን፤ በግራቸው ከስልኩ ዓይኑን የማያነሳ አንድ ወፍራም መምህር። ዶክተሩ ጥናቴን በጣታቸው ጫፍ አንስተው ወደ ብርሃኑ አደረጉት።

«ኢንስፔክተር፣ ብዙ ጥናት አንብቤያለሁ። ሳነብ የራበኝ ግን ይህን ነው» አሉ።

ባለ ስልኩ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ዶክተሩ እንዳልሳቁ ሳይ የቀረውን ሳቅ ዋጥኩት።

«በቀን ሁለቴ በሩ ለልጆች ይከፈት ትያለሽ። በልጅ ኪስ ምን ሊገባ እንደሚችል ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ ጌታዬ። ድንጋይ፣ የከረሜላ ወረቀትና የሞተ ጥንዚዛ።»

ኢማን ሳቋን ለመደበቅ አጎነበሰች። ዶክተሩ ግን «ስልክም ይገባል፣ ከዚያ የባሰም ይገባል» አሉ።

«ይገባል። ስለዚህ ሲመለሱ ልብሳቸውን መግቢያው ላይ ይቀይራሉ፤ የውጪው ልብስ ውጪ ያድራል።»

«በር ያላላ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እንዲህ ያለ መልስ ነበረው። አንቺ ለልጆቹ ማዘንሽን አነበብኩ። የምትጠብቂ ሰው መሆንሽን ግን አላየሁም።» ወረቀቱን ከደኑት። «ውጪ ጠብቂን።»

ወጥቼ በሩን በደንብ ዘጋሁና ወረድኩ። ግቢው ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር አንዲት ሻይ የምትሸጥ ያገሬ ልጅ አለች፤ ትርንጎ ትባላለች፣ የሸኸዲ ልጅ ናት። ናዕናዕ የሚሉት ቅጠል ያለበት ሻይ ቀዳችልኝ። ስልኬን በፈተናው ሕግ መሠረት አጥፍቼዋለሁ። እንደ ወደቅኩ ልቤ ነግሮኛል፤ ኮማንደሩን ምን እንደምላቸው ማሰብ ጀመርኩ። ይኼኔ መብራት ጠፋ፤ ወዲያው የጎረቤቱ ሕንፃ ጀነሬተር ተነስቶ ግቢውን በጩኸት ሞላው።

ትንሽ ቆይቶ የሁለተኛው ፎቅ መስኮት ተከፈተ። በብረቱ መሃል የባለ ስልኩ ፊት ብቅ አለ። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ አይሰማም። እጁን በብረቱ አውጥቶ ጣቶቹን ገጥሞ እንዲህ ያዞራል፣ ያዞራል።

«ሻይ ይፈልጋሉ» አልኳት ለትርንጎ። «ሲያማስል አታዪም? ስኳር አብዢ ማለቱ ነው።»

ሰውዬው ይበልጥ አዞረ፤ በሁለት እጁ አዞረ። «ኧረ ይሄ ሰው ስኳር ይወዳል!» ብላ ትርንጎ በየብርጭቆው ማንኪያ ጨመረችበት። እኔም አይዞህ፣ መጣልህ በማለት እጄን አውለበለብኩለት። እሱ ግንባሩን ከብረቱ ጋር አጋጨ። ትርንጎ ትሪዋን ይዛ ወጣች፤ ወዲያው ትሪው እንደ ሞላ ተመለሰች።

«እታለም፣ በሩ ተቆልፏል! ሰዎቹ ከውስጥ እየደበደቡት ነው። ዘበኛውም ሶላት ሄዷል። ማን ነው የቆለፈባቸው?»

መሐረቤን ለማውጣት ኪሴ ገባሁ። እጄ ብረት ነካ።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። በሩ ላይ ተሰክቶ የነበረውን ቁልፍ አዙሬ ኪሴ የከተትኩት እኔው ነኝ። እየሮጥኩ የማስበው ስለ ሰርተፍኬቱ አልነበረም፤ ማሕሌት ነበረች ፊቴ ላይ። በሩን በልጆቹ ላይ በገዛ እጄ የቆለፍኩት መሰለኝ።

ስከፍት ክፍሉ ምድጃ ሆኗል። ዶክተሩ ኮታቸውን አውልቀው፣ ከረባታቸውን ፈትተው፣ ራሳቸውን በኔው ጥናት ያራግባሉ። ቤቱ በሙሉ ኮሰረት ኮሰረት ይላል። ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ። በሥራዬ ግን በር ከፍቼ ሰው ሳይ የምለው ሌላ ነው። እግሬን ገጥሜ ሰላምታ ሰጠሁና ጮክ ብዬ በአማርኛ «ሦስት! ሁሉም አሉ!» አልኩ።

ኢማን ምን እንዳልኩ ጠየቀችኝ፤ በእንግሊዝኛ ነገርኳት። ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። እሷም ግቢ ጠዋት ጠዋት ታራሚ ሲቆጠር የሚባለው እሱው ነው። ባለ ስልኩ አልሳቀም፤ ግንባሩን ያሻል።

«ቁልፉ የት ነበር?» አሉ ዶክተሩ።

«ኪሴ ውስጥ።»

«ለምን?»

«ጌታዬ፣ በር ዘግቼ ቁልፍ በሩ ላይ ትቼ አላውቅም። በሥራ ዘመኔ አንድ ቀን አላደረግሁትም። ቤቴም እንዲሁ ነኝ፤ ባሌን ይጠይቁት።»

ተከትላኝ ከመጣችው ከትርንጎ ትሪ አንዱን ብርጭቆ አንስተው ባንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ስኳሩ ፊታቸውን አጨማደደው። ቁጭ አሉ፤ እንድቀመጥም በእጃቸው አሳዩኝ።

«ስትወጪ ልጥልሽ ወስኜ ነበር» አሉ። «ምክንያቴ፣ ይህች ሴት በሩን ታላላለች የሚል ነው። አሁን ያን ምክንያት የት ልውሰደው? ከዚህ የበለጠ የሚቆልፍ ሰው እኔ አላየሁም።»

መሳቅ ይኑርብኝ አይኑርብኝ አላወቅኩም። እሳቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ይህ ወንድሜ ሲጮህ፣ ተረጋጋ፣ አሁን ትመጣለች አልኩት። ከዚያ ዝም ብዬ በሩን ማየት ጀመርኩ። የሚከፍት ሰው ሲጠበቅ ጊዜው አይሄድም። ዕድሜዬን ሙሉ በር የዘጋሁ ሰው ነኝ፤ ይህን አላውቀውም ነበር።» ድምፃቸው ቀዝቅዟል። ኢማንም ሳቋን አቆመች።

ከዚያ ቅቤያሟን ጥናት ገልጠው የመጨረሻው ገጽ ላይ ፈረሙ። ብዕሩ በቅቤው ላይ አልጽፍ እያለ ደጋግመው ጫኑት። «አልፈሻል። አንድ ነገር ግን ትጨምሪያለሽ። የልጆቹን በር ቁልፍ የሚይዘው ማን እንደሆነ በስም ጻፊ። አንቺ እንዳትሆኚ!» አሉኝ።

ሰኞ፦ ዕቃው ባዶውን አይመለስም

እትዬ ብርነሽ የፕላስቲኩን ዕቃ አጥበው፣ ከርከዴና ቴምር ሞልተው ሰጡኝ። ክዳኑን ሳልዋ በፕላስተር ዙሪያውን ጠቅልላዋለች፤ እስካሁን አልከፈትነውም ማለት ይቻላል፣ ዕቃውን በቢላ ነው የቀደድነው። እናትየው ሲስሙኝ ጉንጫቸው ርጥብ ነበር። «አስቴርን፣ ደርሶልኛል በያት» አሉኝ። የደረሳቸው ከሥሩ የተጠራረገ ሁለት ማንኪያ ቅቤ ነው፤ እኔም እንደዚያው ነገርኳት።

ገላባት ላይ ያ አስነጣሹ ፈታሽ ከሩቅ አየኝ። አውራ ጣቱን ወደ ላይ አድርጎ በዓይኑ ጠየቀኝ። አልፌያለሁ ለማለት ራሴን ስነቀንቅለት ጓደኞቹን ጠርቶ አስጨበጨበልኝ። ሻንጣዬን ግን በዚህ ዙር አፍንጫውን ሳያስጠጋ ዘጋው።

ደብረ ታቦር ስገባ ዝናብ ነበር። ቆሜ ደበደበኝ፤ ደስ አለኝ።

ኮማንደሩ ጥናቱን ተቀብለው ገለጡ፣ ማኅተሙን አዩ፣ ፊርማውን አዩ፣ አሸተቱ። «ይህ ነገር ምንድን ነው የሚሸተው?» አሉ።

«ካርቱም ነው ጌታዬ» አልኩ።

ረጅም ተነፈሱና ፈረሙ። ቃላቸውን የሚበሉ ሰው አይደሉም፤ ይህን ልመሰክርላቸው ይገባል።

መስከረም ሲጠባ፣ ልጆቹ የሚወጡበት የመጀመሪያው ጠዋት መጣ። ጥሩዬ ከጠዋቱ ቆጠራ በፊት ተነስታ ማሕሌትን አጥባ፣ ሹሩባ ሠርታ፣ ሌሎቹ እናቶች ያዋጡትን ቀሚስ አልብሳታለች። ቁልፉን አስቴር ይዛለች፤ እኔ እጆቼን ወደ ኋላ አድርጌ ቆምኩ። እናቶቹ እስከ ውስጠኛው አጥር ድረስ መምጣት ተፈቅዶላቸዋል። በሩ ተከፈተ። ልጆቹ አንዱ የሌላውን ልብስ ይዘው ወጡ። ማሕሌት ጄሪካን የጫነች አህያ መንገድ ላይ ስታይ ጮኸች፣ የያዘችውን ልብስ ለቀቀች፣ እየሳቀች ወደ አህያዋ ሮጠች። ሞግዚቷ ተከትላ ያዘቻት። ከዚያ መታጠፊያው ጋ ደርሰው ከዓይናችን ጠፉ።

ጥሩዬ ሽቦውን እንደያዘች ቀረች። ምን ብዬ እንደማጽናናት እያሰብኩ ተጠጋኋት። እሷ ቀደመችኝ።

«አዩልኝ ኢንስፔክተር? ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም!» አለችኝ፣ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ። «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!»